ኦሜካ ኤስን በሊኑክስ ሰርቨር ላይ መጫን፦ የአንድ ትምህርት ቤት ማኅደር ተሞክሮ

የተማርንበት ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ባደሰበት ወቅት ለቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን 6 ካርቶን ሙሉ ወረቀት አስረክቦን ነበር። በውስጡ የምረቃ ፎቶግራፎች፣ በስቴንስል የተባዙ የተማሪዎች መጽሔቶች፣ የስፖርትና የቲያትር ክበባት ደብዳቤዎች፣ እንዲሁም ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ ስምና ቀን የተጻፈባቸው የቡድን ፎቶዎች ነበሩ። ወረቀቱን በስካነር ማንሳት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ግን የት እናስቀምጠው የሚለው ጥያቄ ቀረ። በቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈ ፎቶ ሳምንት ሳይሞላው በአዳዲስ መልእክቶች ተሸፍኖ ይጠፋል፤ የምስሉ ጥራትም ስለሚቀንስ የእጅ ጽሑፉን አጉልቶ ማንበብ ያስቸግራል። እኛ የፈለግነው እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መግለጫና የራሱ ቋሚ አድራሻ ኖሮት በአማርኛ ሲፈለግ የሚገኝበትን ቦታ ነው። በዚህ ምክንያት ኦሜካ ኤስ የተባለውን ነፃና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ጭነን ከ8 ወር በላይ ተገልግለንበታል። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው አጫጫኑ ምን እንደሚመስል፣ የት ቦታ ጊዜ እንደሚበላ፣ በተለይም የአማርኛ ጽሑፍ ሲገባበት ምን እንደሚያጋጥም ነው፤ ይህን የመጨረሻውን ጉዳይ ከመጫናችን በፊት የነገረን ሰው ስላልነበረ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ።

ኦሜካ የስዋሂሊ ቃል ሲሆን ዕቃን ዘርግቶ ለዕይታ ማቅረብን ያመለክታል። ሶፍትዌሩ የተሠራው በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ፣ በሮይ ሮዘንዝዋይግ የታሪክና የአዲስ ሚዲያ ማዕከል ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዕትም የወጣው በ2008 ሲሆን ዛሬ ኦሜካ ክላሲክ እየተባለ ይጠራል። ኦሜካ ኤስ የተባለው ደግሞ ከመሠረቱ እንደ አዲስ ተጽፎ በ2017 ወጣ። የሁለቱ ዋና ልዩነት ክላሲክ በአንድ ጭነት አንድ ድረ ገጽ ብቻ ሲያስተናግድ፣ ኤስ ግን በአንድ ጭነትና በአንድ የጋራ ክምችት ላይ የፈለጉትን ያህል ድረ ገጾች እንዲከፍቱ መፍቀዱ ነው። ለእኛ ይህ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለመጽሔቶቹ አንድ፣ ለፎቶግራፎቹ ሌላ ገጽ ከፍተን ሁለቱም ከአንድ ቋት ይቀዳሉ። ሁለቱም ዕትሞች በነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ የሚሰጡ ስለሆኑ የሚከፈል የፈቃድ ዋጋ የለም።

ከመወሰናችን በፊት ሌሎችንም አይተናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምርምርና የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጥበት ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር ለእንዲህ ያለ ተቋም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በጃቫ የተጻፈ፣ ፖስትግሬስ የተባለ ዳታቤዝና ሶልር የተባለ የፍለጋ ፕሮግራም የሚፈልግ፣ ከ7ኛው ዕትም ወዲህም የፊት ገጹ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሆኖ ለብቻው የሚጫን በመሆኑ አነስተኛ ሰርቨርና አንድ የበጎ ፈቃድ ሠራተኛ ለያዘ ማኅበር ሸክሙ ይከብዳል። በኒውዚላንድ ዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ግሪንስቶንም ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ስብስብን በዲስክ ለማደል ሳይቀር የታሰበበት መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰዎች ከየቤታቸው ሆነው መግለጫ እየጻፉ እንዲያስገቡ ለምንፈልገው ለእኛ ኦሜካ ቀለለን።

ሰርቨሩን በተመለከተ 2 ጊጋባይት ሜሞሪና 50 ጊጋባይት ዲስክ ያለው፣ ኡቡንቱ 22.04 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት አነስተኛ ሰርቨር ተከራየን። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ በሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ አባላችን በየወሩ ይከፍሉልናል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር በሚጋሩበት ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ለመጫን ሞክረን ነበር፤ ሶፍትዌሩ ተከፍቶ መግቢያው ከመጣ በኋላ ብዙ ዕቃዎችን በአንድ ጊዜ ለማስገባት ስንሞክር ሥራው «በመጀመር ላይ» እያለ ሰዓታት ቆመ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቷል። ኦሜካ ኤስ ከባድ ሥራዎችን ከድረ ገጹ ጀርባ ለይቶ ለማካሄድ የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒን ከኮማንድ መስመር ይጠራል፤ ብዙ የጋራ ሆስቲንግ አቅራቢዎች ግን ይህን ለደኅንነት ሲሉ ይዘጉታል። ስለዚህ ምክሬ ቀጥተኛ ነው፦ ሙሉ ሥልጣን ያላችሁበትን ሰርቨር ያዙ። በኋላ የማነሣው የአማርኛ ፍለጋ ጉዳይም ይህንኑ ውሳኔ ያጠናክረዋል።

የሚያስፈልጉት ነገሮች በዝርዝር የታወቁ ናቸው። ሊኑክስ፣ ገጾቹን ለጎብኚ የሚያቀርበውና የአድራሻ መቀየሪያው የበራለት የዌብ ሰርቨር አፓቺ፣ መረጃውን የሚይዝ ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ዳታቤዝ፣ እንዲሁም የሚጫነው ዕትም የሚጠይቀው ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ማገናኛውና ከኤክስኤምኤል ተጨማሪዎቹ ጋር፤ ከእነዚህም በተጨማሪ ለምስል ማሳነሻ ኢሜጅማጂክ ያስፈልጋል። ኡቡንቱ 22.04 ከራሱ ማከማቻ ፒኤችፒ 8.1ንና ማይኤስኪውኤል 8.0ን ስለሚሰጥ ሁሉንም በአንድ የመጫኛ ኮማንድ ማግኘት ይቻላል። ሶፍትዌሩን ሲያወርዱ ከኦሜካ ድረ ገጽ የሚገኘውን የተዘጋጀ ዚፕ ፋይል ይውሰዱ። ከጊትሃብ የምንጭ ኮዱን የሚያወርድ ሰው ጥገኛ የሆኑትን ክፍሎች ራሱ መገንባት ስለሚኖርበት ኖድ የተባለውን መሣሪያ መጫን ይገደዳል፤ ይህን ሳያውቁ ባዶ ነጭ ገጽ ላይ ተፋጠው ያመሹ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ዳታቤዝና ተጠቃሚ ፈጥረን፣ ዚፑን በዌብ ሰርቨሩ ፎልደር ውስጥ ዘርግተን፣ የዳታቤዙን ስም፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃሉን በአንዲት አጭር የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ሞላን። እዚህ ድረስ አንድ ሰዓት አልፈጀም። አድራሻውን በብራውዘር ስንከፍት ግን የመጫኛው ቅጽ መምጣቱ ቀርቶ «ገጹ አልተገኘም» የሚል የአፓቺ መልእክት መጣ። ሶፍትዌሩ ራሱ እየሠራ ነበር፤ ወደ መጫኛው ገጽ መርቶናል፤ አፓቺ ግን ያን አድራሻ እውነተኛ ፎልደር መስሎት ዲስክ ላይ ይፈልገዋል። መፍትሔው ሁለት እርምጃ ነው። አንደኛው የአድራሻ መቀየሪያውን ሞጁል ማብራት ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ አፓቺ በየፎልደሩ ያለውን፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ድብቅ የማስተካከያ ፋይል እንዲያነብ መፍቀድ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ይህ ፈቃድ ሲጀመር ዝግ ነው። ፋይሉ ድብቅ በመሆኑ ፎልደሩን ወደ ሰርቨር ሲቀዱ ሳይቀዳ ሊቀርም ይችላል፤ ችግሩ ቢቀጥል መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው። ሁለቱን አስተካክለን አፓቺን ስናስነሣ ቅጹ ወዲያው ተከፈተ፤ የአስተዳዳሪውን ስም፣ ኢሜይልና የይለፍ ቃል፣ የድረ ገጹን ስም፣ የሰዓት ቀጠናውን ጠየቀን፤ አዲስ አበባን መረጥን፤ ተጫነ። ከዚያ በነፃ የሚሰጠውን የሌትስ ኢንክሪፕት የደኅንነት ምስክር ወረቀት ጨመርን፤ ዘመኑ 90 ቀን ቢሆንም ሰርትቦት የተባለው መሣሪያ ራሱ ያድሰዋል።

ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር የዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ሊጽፍበት የሚችል መሆን አለበት። ብዙ መመሪያዎች ችግርን በፍጥነት ለማለፍ ለሁሉም ሰው የመጻፍ ፈቃድ ስጡ ይላሉ፤ ይህን በፍጹም አታድርጉ። የፎልደሩን ባለቤትነት ለዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ማዛወር ይበቃል፤ የቀረው የሶፍትዌሩ ክፍል ለማንበብ ብቻ ክፍት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል።

የመጀመሪያውን ፎቶ የጫንኩበትን ምሽት አስታውሰዋለሁ። በ1963 ዓ.ም. የተነሣ የመረብ ኳስ ቡድን ሥዕል ነበር፤ 9 ልጆች ቆመው፣ 3ቱ ተንበርክከው፣ የመሐለኛው ኳሱን በሁለት እጁ ይዟል፤ ከጀርባ «ግንቦት፣ ከጨዋታው በፊት» የሚል አለ። ፋይሉ 34 ሜጋባይት ነው። ሰርቨሩ አልቀበልም አለ፤ ምክንያቱም ፒኤችፒ ሲጫን የአንድን ፋይል መጠን በ2 ሜጋባይት፣ የጠቅላላውን ጭነት ደግሞ በ8 ሜጋባይት ይገድባል። ሁለቱን ቁጥሮች ከፍ ካደረግን በኋላ ፎቶው ገባ፤ ኦሜካም ከዋናው ሌላ ሦስት ማሳነሻዎች ሠራለት፤ አንዱ ረጅሙ ጎኑ 800 ፒክስል የሆነ፣ ሁለቱ ደግሞ 200 ፒክስል የሆኑ ትናንሾች ናቸው። መጽሔቶቹን በፒዲኤፍ ስናስገባ ግን ማሳነሻው ቀርቶ ግራጫ የወረቀት ምልክት ብቻ ይታይ ነበር። ኡቡንቱ ኢሜጅማጂክ ፒዲኤፍ እንዳያነብ በፖሊሲ ፋይሉ ውስጥ ይከለክላል፤ ክልከላው የመጣው ፒዲኤፍን በሚያነበው በጎስትስክሪፕት ውስጥ በ2018 ከተገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎች በኋላ ነው። ጎስትስክሪፕትን አዘምነን፣ ከማይታወቅ ሰው ፋይል እንደማንቀበል አረጋግጠን፣ የማንበብ ፈቃዱን ብቻ ከፈትን። የእያንዳንዱ መጽሔት ሽፋን በዝርዝሩ ላይ ብቅ ሲል ሥራው ሥራ መሰለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኦሜካ ኤስ የሚቀበለውን እያንዳንዱን ፋይል 40 ፊደልና ቁጥር በተደባለቀበት ስም ቀይሮ ያስቀምጠዋል፤ የመጀመሪያው ስም የሚቀረው በዳታቤዙ ውስጥ ብቻ ነው። ይህ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በሰርቨሩ ላይ ችግር እንዳይፈጥሩ ያደርጋል፤ በሌላ በኩል ግን የፋይሎቹን ፎልደር ብቻ ቀድቶ የሚያስቀምጥና ዳታቤዙን የሚረሳ ሰው፣ አደጋ ቢደርስበት እጁ ላይ የሚቀረው የማን እንደሆኑ የማይታወቁ በሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ናቸው።

ብዙ ዕቃዎችን በአንድ ጊዜ ለማስገባት ሲኤስቪ ኢምፖርት የተባለውን ተጨማሪ ክፍል ወይም ሞጁል ተጠቅመናል፤ ሲኤስቪ ሰንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው፤ የዕቃዎቹን መግለጫ በሰንጠረዥ ያዘጋጁት በተለያየ ቤት ያሉ 5 አባላት ነበሩ። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ሲገባ «ጥቅምት» የሚለው ቃል አራት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ታየ፤ የሌሎቹ ቃላት ዕጣም እንዲሁ ነበር። ጥፋቱ የኦሜካም የሰርቨሩም አልነበረም፤ በኤክሴል ውስጥ «ሲኤስቪ» ከሚሉት ሁለት ምርጫዎች ተራውን የመረጠ ሰው ፊደላችንን ገና ፋይሉ ሲቀመጥ ያጣዋል፤ ከጠፋ በኋላም የሚመለስበት መንገድ የለም። «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መምረጥ፣ ወይም በሊብሬኦፊስ ሲያስቀምጡ ሲጠየቁ የእኛንም ፊደል የሚይዘውን የፊደል ኮድ ዩቲኤፍ-8ን መምረጥ ያስፈልጋል። ሰንጠረዡ ከመላኩ በፊት በኖትፓድ ተከፍቶ ይታይ የሚል ደንብ አውጥተናል።

ፎቶዎቹን በብራውዘር አንድ በአንድ መጫን ደግሞ ከኢንተርኔታችን ፍጥነትና ከመብራት መቆራረጥ ጋር አብሮ የሚሄድ አልሆነም። 30 ሜጋባይት የሚሆን ፋይል 28ኛው ላይ ሲደርስ ከተቋረጠ ከዜሮ ይጀምራል። ፋይል ሳይድሎድ የተባለው ሞጁል ከዚህ አድኖናል። ፋይሎቹን አርሲንክ በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ ወደ ሰርቨሩ እናሻግራለን፤ መሥመሩ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሌሊት ጀምሮ ጠዋት ያልቃል። ከዚያ ሞጁሉ ከሰርቨሩ ፎልደር ውስጥ አንሥቶ ከሰንጠረዡ መግለጫ ጋር ያገናኛቸዋል። ለፋይሎቹ ስም ቁጥር ብቻ መስጠት በቂ ነው፤ ስሙን የሚሸከመው መግለጫው ነው። በዚህ መንገድ አንድ ካርቶን በሁለት ሌሊት አስገብተናል፤ ከኢትዮጵያ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ከሁሉም ሞጁሎች ይህን አስቀድማለሁ።

አሁን ወደ ፍለጋው ልምጣ። ክምችቱን ከከፈትን በኋላ የመጀመሪያው ቅሬታ የመጣው ሁላችንም ጋሼ ከምንላቸው ጡረታ ከወጡ መምህራችን ነበር። ስልክ ደወሉልኝና «ልጄ፣ የዜማ ክበቡ ፎቶ አልገባም እንዴ?» አሉኝ። ገብቷል። «ታዲያ ምን ብለው ነው የፈለጉት ጋሼ?» ስላቸው «ዜማ ብዬ ነዋ፤ አንድም አልመጣም» አሉ። እኔም ሞከርኩ፤ ርእሱ «ዜማ ክበብ» የሆነ ፎቶ ዓይኔ እያየው ፍለጋው ምንም አላገኘሁም ይላል። «ክበብ» ብዬ ስጽፍ ግን ያው ፎቶ ይመጣል። «ቤት»፣ «ልጅ»፣ «ቡና»፣ «ድል» የሚሉትን ቃላት ሞከርኩ፤ አንዳቸውም አይመጡም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ የማይገኙት ሁሉ ሁለት ፊደል ያላቸው ናቸው።

ኦሜካ ኤስ የድረ ገጹን የፍለጋ ሣጥን የሚያስተናግደው በማይኤስኪውኤል የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ነው። ይህ ፍለጋ ደግሞ ሲጫን ከ3 ፊደል ያነሱ ቃላትን ከማውጫው ይተዋቸዋል። ደንቡ የወጣው ለላቲን ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ያላቸው ቃላት በአብዛኛው መስተዋድድና መሰል ናቸው፤ ቢተዉ የሚጎዳ የለም። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ስለሚይዝ ከቋንቋው ዋና ዋና ስሞች ብዙዎቹ በሁለት ፊደል ያልቃሉ። ቤት፣ ሕግ፣ ሰው፣ ልጅ፣ ወር፣ ላም፣ ጦር፣ ውል። በአማርኛ ክምችት ላይ ይህ ደንብ ሳይነካ ከቀረ ሰነዱ አለ፣ ፈላጊው አለ፣ መገናኛው የለም፤ እኔ እንዲህ ያለውን ጭነት ተጠናቋል አልለውም።

መፍትሔው ከዳታቤዙ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ትንሹን የቃል ርዝመት ከ3 ወደ 2 መለወጥ ነው። ቁጥሩ የሚቆጥረው ባይት ሳይሆን ፊደል ነው፤ ይህን የምለው የእኛ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ውስጥ 3 ባይት ስለሚይዝ ግራ የሚጋቡ ስላሉ ነው። ለውጡ የሚሠራው ዳታቤዙ ቆሞ ሲነሣ ነው፤ ያም ብቻውን አይበቃም፤ የሙሉ ጽሑፍ ማውጫው ተሰርዞ እንደገና መፈጠር አለበት፤ አለዚያ የድሮዎቹ ዕቃዎች በድሮው ደንብ እንደተመዘገቡ ይቀራሉ። ከዚያ በኦሜካ የአስተዳዳሪ ገጽ ላይ ፍለጋውን እንደገና የሚያደራጀውን ምርጫ አሠርተን ነገሩን ዘጋን። በማግሥቱ ለጋሼ ደውዬ «እስቲ አሁን ይሞክሩት» አልኳቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ፈለጉ፤ ትንሽ ዝም አሉና በፎቶው ላይ ያሉትን የ4ቱን ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ በመግለጫው ላይ የ2ቱ ብቻ ነበር የተጻፈው።

ይህ ግን የአማርኛን ፍለጋ ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። ሶፍትዌሩ ቃልን እንዳለ እንጂ ከነዘሩ አያውቀውም፤ «ትምህርት» ብሎ የፈለገ ሰው «በትምህርት» ወይም «የትምህርቱ» የሚለውን አያገኝም፤ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸውና። በዝርዝር ፍለጋው ገጽ ላይ አንድን መስክ መርጦ «የያዘ» የሚለውን ምርጫ መጠቀም ይህን በከፊል ይፈታል፤ በቃሉ መካከል ያለውንም ስለሚያገኝ «በትምህርት» ይመጣል፤ የመጨረሻ ፊደሉ የተለወጠውን «የትምህርቱ»ን ለማግኘት ግን «ትምህር» ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ያን ገጽ ከማዕዘን አውጥተን በዋናው ዝርዝር ላይ ጉልህ አድርገን አስቀመጥነው። ሁለተኛው ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ የተጻፈውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ «ኃይሌ»ን «ሀይሌ»፣ «ዓለም»ን «አለም» ብሎ ለሚፈልገውም እንደዚያው ነው። በሰው ስም ላይ ደግሞ ትክክለኛው ይህ ነው ብሎ ማረም አይቻልም፤ ሰው ስሙን የጻፈበት ፊደል የራሱ ነው። እኛ የመረጥነው መንገድ ርእሱን ከሰነዱ ላይ እንዳለ መቅዳትና ሌሎቹን አጻጻፎች ዱብሊን ኮር በተባለው የመግለጫ መስፈርት ውስጥ «አማራጭ ርእስ» በሚለው መስክ ማስገባት ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል። አንድ የኢትዮጵያ ፕሮግራመር ለዚህ ሶፍትዌር ሞክሼዎቹን የሚያስታርቅ ሞጁል ቢጽፍ በአገር ውስጥም በውጭም ላሉ የአማርኛ ክምችቶች ሁሉ ትልቅ ውለታ ይሆናል። በፊደል ተራ መደርደሩን ግን ያለ ምንም ማስተካከያ ከሀ እስከ ፐ በወጉ ይሠራዋል።

የዘመን አቆጣጠሩም ትኩረት ይፈልጋል። ዕቃዎችን በጊዜ ቅደም ተከተል ለመደርደር የሚያስችለው ሞጁል የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። የመረብ ኳሱን ፎቶ «1963» ብሎ ያስገባ ሰው ከ8 ዓመት ገደማ በፊት የተነሣ ያደርገዋል። እኛ ቀኑን ሁለት ጊዜ እንጽፋለን፤ አንደኛው ሰነዱ ላይ እንዳለ፣ «ግንቦት 1963 ዓ.ም.» ተብሎ በተራ ጽሑፍ፤ ሁለተኛው ለመደርደሪያው፣ በጎርጎርዮስ ሜይ 1971 ተብሎ። ዓመቱ ብቻ ለሚታወቅ ሰነድ ሞጁሉ ከዚህ እስከዚህ የሚል የጊዜ ክልል ይቀበላል፤ 1963 ዓ.ም. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1970 እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1971 ነው፤ ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን አላት። አባሎቻችን 8 ደምሩ እየተባሉ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉትን ሰነዶች በአንድ ዓመት ሲያዘገዩ ስላየን የመቀየሪያ ሰንጠረዥ አትመን ሰጥተናቸዋል።

በሶፍትዌሩ ከምንም በላይ የወደድኩት የመግለጫ ቅጹን እንደ ሥራው ጠባይ መቅረጽ መቻሉን ነው። ለፎቶ፣ ለመጽሔት፣ ለደብዳቤ ለየብቻ ቅጽ አዘጋጅተን የመስኮቹን ስያሜ በአማርኛ ቀይረናል፤ ከሥሩ ያለው መስፈርት ግን ዓለም አቀፉ ዱብሊን ኮር እንደሆነ ይቀራል። እያንዳንዱ ጽሑፍ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈም መለያ ይሰጠዋል፤ በአንዳንድ የምረቃ ፕሮግራሞች ላይ ግዕዝ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ አብረው ስላሉ ይህ ጠቅሞናል። ከዚህም በላይ አንድን ዕቃ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ በውስጡ ያለችን አንዲት መስመር ብቻ መሰወር ይቻላል። በካርቶኖቹ ውስጥ የተማሪዎች ውጤትና የቤት አድራሻ የያዙ ወረቀቶች ነበሩ፤ ባለቤቶቹ ዛሬም በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው። እነዚያን መስመሮች ሰውረናል፤ ከነአካቴው የዘጋናቸውም ዕቃዎች አሉ። የተጠቃሚዎች ሥልጣን በ6 ደረጃ ስለተከፈለ መግለጫ የሚጽፉ አባላት የራሳቸውን እንጂ የሌላውን ሥራ መሰረዝ አይችሉም።

የማልወደው የማሻሻያ አሠራሩን ነው። አዲስ ዕትም ሲወጣ በአንድ ቁልፍ የሚዘምን አይደለም፤ ዳታቤዙንና ፋይሎቹን ቀድቶ፣ የማስተካከያውን፣ የሞጁሎቹን፣ የገጽታዎቹንና የፋይሎቹን ፎልደር ጠብቆ የቀረውን በአዲሱ መተካት፣ ከዚያ በአስተዳዳሪ ስም ገብቶ ዳታቤዙን ማሸጋገር ያስፈልጋል። ሞጁሎቹም ከአዲሱ ዕትም ጋር ይስማሙ እንደሆነ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። ሊኑክስን በኮማንድ የለመደ ሰው ለሌለው ማኅበር ይህ እውነተኛ እንቅፋት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ ራሳችሁ ከመጫን ይልቅ በአዘጋጆቹ በክፍያ የሚሰጠውን የተዘጋጀ የኦሜካ አገልግሎት ብታዩ ይሻላል። ሰው ካላችሁ ግን፣ በአነስተኛ ሰርቨርና በአነስተኛ ወጪ ከዚህ የተሻለ የስብስብ ሶፍትዌር አላገኘሁም፤ ለወረዳ ቤተ መጻሕፍት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለዕድር፣ በውጭ ላለ የኮሙኒቲ ማኅበርም ቢሆን ያለ ማመንታት እንዲይዙት እመክራለሁ።

መጠባበቂያ ቅጂ በየሌሊቱ ይወሰዳል፤ የዳታቤዙ ግልባጭ፣ የፋይሎቹ ፎልደርና የኦሜካ የማስተካከያ ፋይሎች በአርሲንክ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ባለፈው ወር ይህ ቅጂ በእርግጥ የሚነሣ መሆኑን ለማወቅ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ጭኜ ሁሉንም መለስኩት። ፎቶዎቹ መጡ፣ መግለጫዎቹ መጡ፣ ገጾቹ እንዳሉ ተከፈቱ። «ዜማ» ብዬ ስፈልግ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ምንም አልመጣም፤ የቃሉን ርዝመት የሚወስነው ቁጥር በዳታቤዙ ግልባጭ ውስጥ አይቀዳም፤ አዲሱ ማሽንም በ3 ነበር የተነሣው። ቁጥሩን 2 አድርጌ፣ ማውጫውን ሰርዤ እንደገና ስፈጥረው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የዳታቤዙን የማስተካከያ ፋይል ከሌሊቱ ቅጂ ጋር ጨምረነዋል፤ በማኅበሩ መዝገብ ላይም ከይለፍ ቃሉ ፖስታ ቀጥሎ ባለው ገጽ በእጅ ተጽፏል።